ለጥምቀት ያልሆነ ክንድ ይሰበር

ኧርቪንግ፣ ቴክሳስ
የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ ለምታነቢው ለሚጡ፣ አጠገብሽ ተቀምጠው ንባብሽን ለሚያርሙት ለሻለቃም ጭምር፦

እኔ ከእናንተ ናፍቆትና ከቀኝ እጄ አንጓ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ።

የእጄን ነገር መቼም ሰምታችኋል። እትዬ ከሰማች ጎንደር ሰማ ማለት ነው። ሚጡ እንደነገረችኝ ሰፈር የሚዞረው ወሬ ሦስት ዓይነት ነው። በአንደኛው አውሮፕላን ገጭቶኛል። በሁለተኛው በረዶ ውስጥ ተቀብሬ በውሻ ተፈልጌ ተገኝቻለሁ። በሦስተኛው ደግሞ ከበቅሎ ወድቄያለሁ፤ እዚህኛው ላይ የሻለቃ እጅ እንዳለበት ማንም አይነግረኝም። ቴክሳስ ውስጥ በቅሎ ሞልቷል፤ እኔ ግን ከሻለቃ በቅሎ ከቦራ ወዲህ በቅሎ ባለበት መንገድ አልፌ አላውቅም፣ ሻለቃም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

እማዬ፣ በቪዲዮ ስናወራ «ልጄ፣ ምነው በግራ እጅህ ታማትባለህ?» ብለሽኝ «ስልኩ እየገለበጠው ነው» ያልኩሽ ጊዜ እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር ልነግርሽ አልችልም። አምነሽኝ ነበር እኮ! ሚጡ ባትኖር ኖሮ እስከ ፋሲካ በዚሁ እንዘልቅ ነበር። ጄሶው ከጥምቀት እስከ ዓድዋ እጄ ላይ ከርሞ ባለፈው ሳምንት ተፈታ። ጣቶቼ እስክርቢቶ መያዝ ሲጀምሩ የመጀመሪያው ሥራቸው ይህ ደብዳቤ ሆነ። ፊደሌ ከተንጋደደ ከጄሶው ነው፤ ሻለቃ «ድሮም እንዲሁ ነበር» ካሉ ግን አትስሚያቸው።

ነገሩን የጀመረው የእትዬ ልጅ መሐንዲሱ ነው። እሱ የጀመረው ነገር የት እንደሚደርስ ታውቃላችሁ። እዚህ አገር በጃንዋሪ ወር ሦስተኛው ሰኞ የማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ነው፤ ዘንድሮ በቃና ዘገሊላ ዋለ። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ ተያይዞ እረፍት ሆነ ማለት ነው። መሐንዲሱ ከጋርላንድ ደወለና «ጥምቀትን አፓርታማህ ውስጥ ተኝተህ ልታከብር ነው? ና ወደ ተራራ እንውጣ፤ ስኖውቦርድ እናስተምርሃለን» አለኝ። (ሚጡ፣ ቤተ ክርስቲያንስ የምትል ጥያቄ ከእማዬ ብትመጣ ቶሎ ወደሚቀጥለው መስመር እለፊ።)

እኔ ደግሞ እንቢ አልኩ። «ጎንደሬና በረዶ ምን አገናኘው?» ስለው ሮቤል ተክለማርያምን አነሳብኝ። አዲስ አበባ የተወለደ ልጅ ነው፤ በፈረንጅ 2006 ቶሪኖ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው። ባንዲራውን ብቻውን ይዞ ገባ፤ ከኋላው የተሰለፈ የኢትዮጵያ አትሌት አልነበረም። 15 ኪሎ ሜትር በበረዶ ሸርተቴ ሄዶ 83ኛ ወጣ፣ ከአራት ዓመት በኋላም ቫንኩቨር ላይ ደገመው፤ አንድም ጊዜ የመጨረሻ አልወጣም። «የሰው ልጅ ኦሎምፒክ ይሄዳል፣ አንተ ጋራ መውጣት ፈራህ?» አለኝ። ለጎንደሬ «ፈራህ?» ከተባለ ጨዋታው አልቋል። በኋላ ሳስበው ሮቤል የሚሄደው በሸርተቴ፣ ያውም ሜዳ ለሜዳ ነበር፤ መሐንዲሱ ይህን ለምን እንደዘለለው እሱ ይጠየቅ።

በረዶ አታውቅም እንዳትሉኝ ደግሞ። በ2013 የካቲት ቴክሳስ ላይ የወረደውን በረዶ ታስታውሳላችሁ፤ ከአራት ሚሊዮን ተኩል በላይ ቤትና ድርጅት መብራት አጥቶ ነበር። እኔ የምሠራበት ኤርፖርት ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ገብቶ ነበር። ያኔ «ምንም አልሆንኩም፣ እኛ ደገኞች ነን» ብዬ የላክሁላችሁን ፎቶ እማዬ ለጎረቤት ሁሉ አሳይታለች። ፎቶውን የተነሳሁት የጎረቤቴ መኪና ውስጥ፣ ማሞቂያው በርቶ፣ በሁለት ጋቢ ተጠቅልዬ ነበር። ጋቢዎቹ እንዳይታዩ ነው ፊቴን ብቻ ያነሳሁት።

አርብ ማታ ከሥራ ወጥቼ ጉዞ ጀመርን። በዊቺታ ፎልስ፣ በቺልድረስ፣ በአማሪሎ አድርጎ ወደ ኒው ሜክሲኮ ይገባል። መንገዱ ሌሊቱን ሙሉ ሜዳ ነው፤ ስለ ሜዳ የምለው የለኝም። ኧርቪንግ ከባሕር ወለል 150 ሜትር ገደማ ነው፣ ቆላ በሉት። ታኦስ አካባቢ ስንደርስ ተራራዎቹ ብድግ ብድግ አሉ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ዊለር ፒክ 4,000 ሜትርን ትንሽ አለፍ ይላል። አብረውን የመጡት የዳላስ ልጆች ራሴን አመመኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ ማለት ጀመሩ። እኔ መስኮት ከፍቼ «ይቺ ምን አላት? የኛ ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ነው፤ በባዶ እግሬ በረዶ የረገጥኩበት ነው» አልኳቸው። ሻለቃ፣ ታሪኩ የእርስዎ መሆኑን አውቃለሁ። እርስዎም ከማን እንደወሰዱት ስለማላውቅ ዕዳ የለብንም።

ዕቃ የሚያከራዩበት ቤት ገባን። ጫማው ሲሚንቶ ነው የሚመስለው፤ አንድ ጊዜ ከታሰረ ቁርጭምጭሚት ያላችሁ መሆኑን ትረሳላችሁ። ልጁ «የትኛው እግርህ ነው የሚቀድመው?» አለኝ። «እንደ መንገዱ» አልኩት። ይህን ጊዜ ዞር ብሎ ከኋላዬ መጣና ገፋ አደረገኝ! ጎንደሬን፣ ከኋላ፣ ሰው ፊት! ዞሬ ደረቱን ልይዘው ስል መሐንዲሱ መሐል ገባ። ለካ እንዲህ ሲገፋ ሰውየው ሳያስበው የሚያስቀድመው እግር የቱ እንደሆነ ይታያል አሉ፤ የስኖውቦርዱ ጣውላ በዚያ ይስተካከላል። ልጁ ፈርቶ ወረቀቱ ላይ «ግራ» ብሎ ጻፈ። ገላጋይ ባይኖር ቀኝ ነበር የሚቀድመው።

ታኦስ ያለው ስመ ጥሩ ተራራ እስከ መጋቢት 2008 በፈረንጅ ድረስ ስኖውቦርድ የያዘ ሰው አያስገባም ነበር፤ ሸርተቴ ብቻ። አስተዋይ ሰዎች ነበሩ። እኛ የሄድነው ሌላው ጋ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ምንም አልበደሉኝምና።

ቅዳሜን ከሕፃናት ጋር ዋልኩ። መሬት ላይ የሚሄድ ምንጣፍ አለ፤ ቆማችሁበት ሽቅብ ይወስዳችኋል፣ ቁልቁል በራሳችሁ ትመጣላችሁ። አራት ዓመት የማይሞላት ልጅ፣ አፍንጫዋ በቅጡ ያልተጠረገ፣ በአጠገቤ ሽው ብላ ስታልፍ ቀና ብላ «ጎበዝ!» ትለኛለች። ተንበርክኬ ነበር። እሷ ተመልሳ ስትመጣም እዚያው ነበርኩ፤ አሁንም «ጎበዝ!» አለችኝ። ከእማዬ ቀጥሎ እንደሷ ያበረታታኝ ሰው የለም።

እሑድ፣ በጥምቀት፣ መሐንዲሱ በገመድ በሚሄደው ወንበር አስቀምጦ ወደ ላይ ይዞኝ ወጣ። ከላይ ሆኜ ጥዱንና ነጩን ሜዳ ሳየው፣ እውነቴን ነው፣ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ መሰለኝ። ዛሬ ጧት የፋሲል መዋኛ ዙሪያውን ሰው ሞልቶት፣ ጎረምሳው ከግንቡ ላይ እየዘለለ ነበር እያልኩ ሳስብ… ወደቅሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱም እግር ከአንድ ጣውላ ጋር ይታሰራል፤ ጣውላው ዳርና ዳሩ ብረት ነው። በቁልቁለቱ በኩል ያለው ጠርዝ በረዶውን ከነከሰ ጣውላው ይቆማል፣ ሰውየው ይቀጥላል። እኔም ቀጠልኩ። የሚወድቅ ሰው እጁን ይዘረጋል፤ ስኖውቦርድ ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ያቺው የተዘረጋች እጅ አንጓዋ ላይ ነው። አዲሱ ሱሪዬም ከኋላ ተቀደደ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል እንጂ ለጥምቀት የሆነው እንዲህ ይበጣጠሳል ያለኝ የለም።

በጀርባዬ ተኝቼ ሰማይ ሳይ ከላይ አንድ ሰው በሸርተቴ ወረደ። ቀይ ጃኬት፣ ደረቱ ላይ ትልቅ ነጭ መስቀል። ለካ ብዙ የተራራ ነፍስ አድኖች የሚለብሱት ነው። እኔ ግን ቀኑ ጥምቀት፣ እጄ የተሰበረ፣ መስቀል ያለበት ሰው አጎንብሶ ሲመጣብኝ ምን ላድርግ? ተሳለምኩት። በግንባሬም በከንፈሬም። ሰውየው ትንሽ ደንገጥ ብሎ «አይዞህ፣ አይዞህ» እያለ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝና ወረቀት አወጣ። ራሴን መትቶኝ እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ቀላል ጥያቄ ሊጠይቀኝ ነው።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«አሥራ አንድ» አልኩት። ጥምቀት መቼ አሥራ አንድ ሳይሆን ቀርቶ ያውቃል?

«19 ነው» አለኝ በርኅራኄ።

«እሱም ልክ ነው» አልኩት።

ጻፈ። «ዓመቱስ?»

«2017።»

እስክርቢቶው ቆመ። እንደሱ አቆጣጠር ስምንት ዓመት ከራሴ ላይ ወድቆ ጠፍቷል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሁን ሰዓቱ ስንት ይመስልሃል?» አለኝ። ፀሐይዋን ቀና ብዬ አየኋት፤ ከአናት ትንሽ ዘንበል ብላለች።

«ሰባት ተኩል።»

«የጧቱ ነው የማታው?»

«የቀኑ ነዋ!»

ሲያመኝ በአማርኛ ነው የማስበው፣ ምን ላድርግ። «እሺ» አለ፣ «የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ማነው?» እዚህ ላይ አሰብኩ። በማግስቱ፣ ሰኞ፣ ባይደን ወርደው ትራምፕ ቃለ መሐላ የሚፈጽሙበት ቀን ነበር። «የዛሬውን ነው የነገውን?» አልኩት። ከጥያቄዎቹ ሁሉ እንደ ዐዋቂ የመለስኩት ይህንኑ ነው፤ እሱም ሳይወድ ፈገግ አለ። ቀጥሎ የልደት ቀኔን ጠየቀኝ። «ጃንዋሪ 1» አልኩት፤ በወረቀቴ ላይ ያለው እሱ ነው።

ይሄኔ መሐንዲሱ እየተንደረደረ መጣ። «ማነህ?» አለው። «ወንድሙ ነኝ።» ሰውየው የሁለታችንን ስም አስተያየ። «የአባታችሁ ስም ግን…» «አባታችን አንድ አይደለም» አለ መሐንዲሱ። «እናታችሁ አንድ ናት?» «አይደለችም።» «አንተስ መቼ ተወለድክ?» «ጃንዋሪ 1።» ሰውየው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «መንታ ናችሁ?» አለን።

እዚህ ላይ ዝም ብንል ኖሮ ነገሩ ባለቀ። መሐንዲሱ ግን ሊያስረዳ ተነሳ። ሊያስረዳ ሲነሳ ታውቁታላችሁ፣ መፍቻ የያዘ ይመስላል። «በእኛ አገር ዓመተ ምሕረቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው፣ እንደ ወሩ ነው፤ ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ይለያል፤ ወሩ አሥራ ሦስት ነው፤ አሥራ ሦስተኛው አምስት ቀን ነው፣ አንዳንዴ ስድስት…» አለው። ነፍስ አድኑ ቀስ ብሎ ባትሪ አወጣና የመሐንዲሱን ዓይን ያበራበት ጀመር። «አንተም ቁጭ በል» አለው። «አልወደቅሁም» ቢል «እሱም አያስታውስም ማለት ነው» ብሎ በሬዲዮ ሁለተኛ ቃሬዛ አስመጣ።

እትዬ ይህን አልሰማችም። ንገሯት። ልጇ ጭረት ሳይነካው፣ አንገቱ ላይ ድጋፍ ገብቶለት፣ በብርድ ልብስና በሸራ ተጠቅልሎ፣ በአምስት ቀበቶ ታስሮ ከእኔ ፊት ፊት እየተጎተተ ወርዷል። «ኧረ ደህና ነኝ» እያለ ሲጮህ የምትጎትተው ነፍስ አድን «ጎበዝ፣ እንዲህ ማውራትህን ቀጥል» ትለዋለች። ቃሬዛው በረዶ ላይ የሚንሸራተት ነው፤ አንድ ሰው ከፊት በሸርተቴ እየጎተተ ቁልቁለቱን ሽው ያደርገዋል። እንዳይበርደን ፊታችንን ሸፍነውታል። ሕዝቡ መንገድ እየለቀቀ፣ አንዳንዱም ቆቡን እያወለቀ አሳለፈን። እኔ ሚካኤልን እየጠራሁ ነበር፤ ታቦቱ የሚገባው በማግስቱ መሆኑን ባውቅም ቀደም ብዬ ያዝኩት።

ታች ስንደርስ ከዴንቨር የመጡ አበሾች ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። አንዲት እናት ሸራውን ገለጥ አድርገው አዩኝና «ውይ በሞትኩት! የኛ ልጆች ናቸው! ሁለቱንም!» ብለው ደረታቸውን መቱ። «እማማ፣ አልሞትንም» አልኳቸው። እንባቸውን ጠረግ አደረጉና፣ ገና እንደታሰርኩ፣ «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። ከጎንደር ነኝ ብላቸው እሳቸው የአዘዞ ሆነው ተገኙ። እትዬን ያውቋታል። በትክክል እንዴት እንደሚያውቋት ሲያስረዱኝ ወደ ክሊኒኩ ገፉኝ። እኔ ራጅ ሳልነሳ እትዬ ሰምታ ነበር፤ ወሬውን ማን አደረሰው እያላችሁ ሚጡን አትጨቅጭቋት።

ክሊኒኩ ውስጥ በዊልቸር ገፉኝ። እማዬ፣ ልጅሽ «አቪዬሽን ውስጥ ነው የሚሠራው» እያልሽ ለእድርተኛው የምትናገሪው ሥራ ዊልቸር መግፋት መሆኑን ሻለቃ ነግረውሻል መሰለኝ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ባለሙያ ነኝ። የሚገፋኝ ወጣት የበሩን ደፍ ፊት ለፊት ገጨው! ደፍ ላይ ሲደረስ ዞሮ፣ ትልቁን ጎማ አስቀድሞ ወደ ኋላ ነው የሚገባው፤ የተሳፋሪውም እግር መርገጫው ላይ መሆኑ መታየት አለበት። እጄ ተንጠልጥሎ አቁሜ አስተማርኩት። ሁለተኛውን በር አሳምሮ ገባ።

ሐኪሟ ራጁን አሳየችኝ፤ በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል፤ ቦታውን አልለቀቀም፤ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም። የእኛን ወጌሻ ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝና «ማደንዘዣስ?» አለችኝ። «ሻለቃ እግርና እግር ይይዛሉ» አልኳት። ጄሶውን ቶሎ አደረገችልኝ። ሂሳቡን አልጽፈውም፤ ጾም ነው፣ እማዬ ደግሞ ባዶ ሆድሽን ነሽ።

መሐንዲሱ ኧርቪንግ አድርሶኝ ወደ ጋርላንዱ ሄደ። የዚያን ዕለት ማታ እንጀራ አውጥቼ ሽሮዬን አሞቅሁና ቁጭ አልኩ። ቀኝ እጄ ጄሶ ነው። በግራ እጄ እንጀራ ልቆርስ ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት፤ እማዬ ከበሩ ላይ ቆመሽ የምታዪኝ መሰለኝ። ማንኪያ አመጣሁ። እንጀራ በማንኪያ በልታችሁ ታውቃላችሁ? ሽሮው ማንኪያው ላይ ይቀራል፣ እንጀራው ይሸሻል። አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ጉርሻ ብቻ ቢሰጠኝ ብዬ ትሪው ላይ አፍጥጬ ቆየሁ። ምግቡ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ለመሐንዲሱ በቪዲዮ ደወልኩለት፤ ጥብስ ይዞ «አ በል» አለኝ። አፌን ከፈትኩ። እሱ ጠቅልሎ፣ ወደ ካሜራው ዘርግቶ፣ ራሱ ጎረሰው። ያሳደግሽውን ልጅ እይ ብለሽ ለእትዬ ንገሪያት።

ሥራ ባልገባሁባቸው ቀናት ላስ ኮሊናስ እየሄድኩ ፈረሶቹን አያለሁ። ከከተማው ሕንፃዎች መሐል ሰፊ አደባባይ አለ፤ ዘጠኝ የነሐስ ፈረሶች፣ ከእውነተኛ ፈረስ የሚበልጡ፣ ውሃ እየረጩ ወንዝ ሲሻገሩ። የተተከሉት በ1984 በፈረንጅ ነው፤ የሠራቸውም ኬንያ የተወለደ ሮበርት ግለን የሚባል ቀራፂ ነው። ፈረስ ከፈለጉ ወደኛ ምሥራቅ አፍሪካ መምጣታቸው አይቀርም። ሰኮናቸው ሥር ውሃው ሽቅብ ሲፈናጠር ጥምቀትን ያስታውሰኛል። ሁሉንም አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ፤ እንደ ቦራ ክፉ ዓይን ያለው አንድም የለም።

አለቃዬ «ጄሶ ይዘህ ሰው መግፋት አትችልም» ብላ ወንበር ላይ አስቀምጣኝ መታወቂያ እያየሁ ከረምኩ። ዛሬ ደግሞ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፍተውታል፤ በየዓመቱ በዚህ ወቅት ያደርጉታል፣ በጥቅምት ማብቂያ መልሰው ይጎትቱታል። ማንም ባትሪ አውጥቶ ዓይናቸውን አላየም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስላችሁ ሰው ለፋሲካ ነው የሚመጣው። የስኖውቦርዱን ሄልሜት ለሻለቃ ልኬላቸዋለሁ፤ ቦራ ላይ ሲወጡ ያድርጉት። ሱሪው የእማዬ ነው፤ የተቀደደውን ጣፊውና ለመሐንዲሱ ታናሽ ወንድም ስጪው። ሰውየው የሚመለሰው በሚያዝያ መጨረሻ ነው፣ ሻንጣው 23 ኪሎ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ግማሹን ደግሞ ለራሱ ቤተሰብ ቃል ገብቷል። ስለዚህ ሽሮ፣ በርበሬና ቅቤ ብቻ ላኩ፤ ወጌሻው የሰጣችሁ ቅባት ካለ እትዬ ጋ ይቅር።

ልጃችሁ